የፓሳው እሁዳችን

ለልጄ እናት፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚወጋሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ለማንም ሳትናገሪ ጥርስሽን ነክሰሽ ነው የምትወጪው? እናትሽ ደህና ናቸው ወይ? ሰላም በይልኝ፤ ካልተቀየሙኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከትንሽ የጫማ ጣጣ በስተቀር ደህና ነኝ። ጣጣውን ወደ ታች አጫውትሻለሁ።

ከሱቄ ሱቅሽ እስክደርስ የቀዳሁት ሻይ እንኳ አይቀዘቅዝም፤ ምን ደብዳቤ አስጻፈው እንደምትዪ አውቃለሁ። የፓስፖርቱን ፎቶ ነገር ልነግርሽ ብቅ ያልኩ ጊዜ የሆነውን አይተሻል። ሸማ ተራ ሥራ አቆመ። ጋቢ ስትለካ የነበረችው ሴትዮ ክንዷን እንደዘረጋች ቀረች፤ ፊት ለፊትሽ ያለው ልብስ ሰፊ ደግሞ መኪናውን አቁሞ ጆሮውን ሰጠን። የተፋታ ሰው ሲነጋገር አይተው አያውቁም መሰለኝ። ስልክ ብደውልልሽ ገና ወሬውን ሳልጀምር «ደንበኛ መጣ» ትያለሽ። የድምፅ መልእክቴን ደግሞ አፍጥነሽ እንደምታዳምጪው ልጃችን ዋፋ ነግራኛለች፤ እንደ ጫጩት ነው አሉ የምጫጫው። ስለዚህ ጻፍኩ። ወረቀት አይፈጥንም፤ ደንበኛ ቢመጣም ካስቀመጥሽው ቦታ ይጠብቅሻል።

ልጃችን የሰጠችንን የቤት ሥራ ታውቂዋለሽ። በዳኑብ ወንዝ ላይ በሚመላለሰው የሽርሽር መርከብ እንግዳ ተቀባይ ሆና ከገባች ወዲህ የዘንድሮን ያህል ደስ ብሏት አያውቅም። ድርጅቱ ለሠራተኛ ወላጆች የአንድ ሳምንት ጉዞ ሲፈቅድ፣ አንዳችንን መርጣ ሌላችንን ማስቀየም አልሆነላትም፤ ሁለታችንንም አስመዘገበች። ሁለት ክፍል ያዘች፤ አንዱ ከኮሪደሩ ወዲህ ጫፍ፣ ሌላው ከወዲያ ጫፍ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያይ አንዳችን ተላላፊ በሽታ ያለብን ይመስለዋል።

ሳምንቱ ቀላል ነው፤ መብላትና ወንዝ ማየት ነው። ከባዱ እሁድ ነው። ያን ቀን መርከቡ ፓሳው በሚባል የጀርመን ጥንታዊ ከተማ ጠዋት ይቆምና እስከ ማታ እዚያው ይውላል። ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ዋፋ ግን ሥራ ላይ ናት። እንግዲህ እኔና አንቺ ብቻ ነን የምንወርደው። «አባዬ፣ ቀኑን አንተ አቅደው፤ ከእማዬ ጋር ግን ተስማማ፤ መጯጯህ የለም» አለችኝ። የሚጮኸው እኔ ነኝ ወይ ልላት ነበር፤ ተውኩት።

መጀመሪያ ያማከርኩት ሁዛይፋን ነው። ታውቂዋለሽ፣ ዱባይ ተራ ጫማ የሚሸጠው ጓደኛዬ። ዕቃ ለማምጣት ቻይና፣ ጓንዡ ድረስ ስለተመላለሰ በዓለም ላይ ያለ ከተማ ሁሉ እሱን ሳያስፈቅድ የተሠራ አይመስለውም። «ከመርከብ ስትወርዱ ቀጥታ የጅምላውን ሰፈር ጠይቁ፤ የከተማ ነፍሱ እዚያ ነው» አለኝ። እውነት መሰለኝ። ጠዋት ላንቺ የጨርቅ ተራውን፣ ከሰዓት ለእኔ የብርጭቆና የቤት ዕቃውን ተራ ልናይ አቀድኩና ለዋፋ ነገርኳት። ሳቋን መጨረስ አቃታት። ለካ እዚያ አገር እሁድ ሱቅ የሚባል አይከፈትም።

መርካቶም እሁድ ይዘጋል፣ የቸገረው ሰው ግን በጓሮ በር ይገባል አልኳት። እዚያ ጓሮ በር የለም አለችኝ። ባለሱቁ ዘመድ ሲመጣበት በየት እንደሚያስገባው እስካሁን አልገባኝም። ሁዛይፋ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ከተማው ምን ይሠራላችኋል? መርከቡ ውስጥ ተኙ» ብሎ ደመደመ።

እኔ ግን አልተኛም አልኩ። ዋፋ የላከችልኝን ፎቶዎች ማየት ጀመርኩ፤ ሱቅ ውስጥ እየሸጥኩም አያለሁ። ከተማው በውሃ መሐል የገባ ምላስ ነው የሚመስለው። ከወንዙ ማዶ ኮረብታ ላይ የድሮ የጳጳሳት ምሽግ አለ፤ ከላይ ሆነሽ ከተማውን በሙሉ ታዪዋለሽ። የማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጎርፍ ባጠቃቸው ቁጥር ውሃው የደረሰበትን ከነዓመቱ ጽፈውታል፤ አንዳንዱ ከሰው ቁመት በላይ ነው። እኔና አንቺ የተጣላንበትን እንዲህ ብንመዘግብ ማዘጋጃ ቤት አይበቃንም ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ደንበኛዬ ያላገጥኩባት መስሏት ድስቱን ትታልኝ ሄደች።

ምሽጉን ወድጄው ለዋፋ ስነግራት አንቺን ጠይቃ መልሱን አመጣችልኝ። «ኮረብታ ከሆነ እሱ ይውጣ፤ እኔ ታች እጠብቃለሁ» ብለሻል። ቅር አለኝ። አውሮፓ ድረስ ሄጄ ብቻዬን ኮረብታ የምወጣ ከሆነ እንጦጦ ምን አደረገኝ? ቢሆንም ወንድነት ያዘኝና ብቻዬን ለመውጣት ልምምድ ጀመርኩ። ሁዛይፋ የድሮ ከተማ መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ተራ ጫማ አይችለውም ብሎ «ይሄ ለአውሮፓ የተሠራ ነው» ያለውን ጫማ አጫማኝ። በየማለዳው ሱቅ ከመክፈቴ በፊት የዱባይ ተራውን ሕንፃ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ሰነበትኩ። ጥበቃው ዕቃ የጠፋብኝ መስሎት አብሮኝ ፈለገ። አንድ ደላላ ደግሞ ሱቅ የምከራይ መስሎት እስከ ላይ ተከተለኝ። አንድ ቀን የላይኛው ፎቅ ላይ እንደደረስኩ የቀኝ ጫማዬ ሶል እንዳለ ወለቀና ደረጃውን ቀድሞኝ ወረደ። በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ሁዛይፋ ዘንድ ሄድኩ። ሶሉን አገላብጦ በጥሞና ካየ በኋላ፣ ጫማው የተሠራው ለአውሮፓ ደረጃ እንጂ ለመርካቶ ደረጃ እንዳልሆነ አስረዳኝ።

ይህን ሁሉ ከደከምኩ በኋላ ነው ዋፋ ወደ ምሽጉ የሚወጣ አውቶቡስ አለ ያለችኝ። እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ አልጠየቅከኝም አለች። በዚህ እናቷን ነው የወሰደችው።

የቪዛውን ቀን አንቺም ስለነበርሽበት ባልተርከው ይሻላል፤ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ጎን ለጎን መስኮት ደረሰን። ያቺ ነጭ ሴትዮ በአስተርጓሚው በኩል «አብራህ የምትሄደው ሴት ምንህ ናት?» ስትለኝ «ባለቤቴ» ብዬ መለስኩ። አፌ ነው። የለመደ አፍ ነው። አንቺ ከጎኔ፣ አንገትሽን እንኳ ሳታዞሪ «ነበርኩ» አልሽ። አስተርጓሚው የቱን እንደሚተረጉም ጠፍቶት ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

በቃ ተበላሸ፣ ልጃችን በእኔ አፍ ምክንያት ብቻዋን ልትቀር ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ሴትዮዋ ፓሳው ላይ ምን ልትሠሩ ነው ስትል በእጄ የሣልኩትን የከተማውን ካርታ አወጣሁላት። አገላብጣ አየችና በየመንገዱ ያሉት ክቦች ምንድን ናቸው አለችኝ። መቀመጫዎች ናቸው አልኳት። በስልክ የከተማውን መንገድ እያየሁ አግዳሚ ወንበር ባገኘሁበት ሁሉ ምልክት አድርጌ ነበር። «ለማን?» አለች። ጉልበቷን ያማታል ብዬ ወደ አንቺ መስኮት አመለከትኩ። ያን ጊዜ አንቺም ዞር ብለሽ አየሽኝ፤ አላየሁሽም ብለሽ እንዳትሸመጥጪ።

ሴትዮዋ ያንኑ ጥያቄ ይዛ ወደ አንቺ መስኮት ዞረች። «እሱ ኮረብታውን ሲወጣ ታች ሆኜ እጠብቀዋለሁ» አልሽ። ቢቆይስ ብላ ስትጠይቅሽ «ለምጄዋለሁ» አልሽ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ አስተርጓሚውም ሳቀ። እኔ ነኝ ያልሳቅኩት። ይህችን ቃል ወዲህ ይዣት መጥቼ በየቀኑ እመዝናታለሁ። ሁዛይፋ ስድብ ናት ይላል። ሁዛይፋ ግን ሶሉንም ደህና ነው ብሎ ነበር።

ደስ የሚለው ቪዛው ወጥቷል። መልእክተኛው የአንድ ቤት ሰዎች መስለውት ሁለቱንም ፓስፖርት ለእኔ ሰጠኝ። ያንቺን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ከፍቼ ፎቶሽን አይቻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ተቆጥተሽ ነው የተነሳሽው። ያምርብሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ መልስ ወንድምሽ ጀዋር ሱቄ መጣ። መንገዱ ገና በሰው እንደተሞላ ነበር፤ በዕቃ ካርቶን ላይ ተቀመጠና ሻይ አዘዝኩለት። ሻዩ እስኪመጣ ስለ ዶላር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አገር ቤት እንሰት አወራን። ሻዩ ሲመጣ «እህቴ የማን ሆና ነው አብራህ የምትሄደው?» አለኝ። የመርከቡ ተሳፋሪ ሆና አልኩት። አልሳቀም። «መርከቡ ላይስ ልጃችሁ አለች፣ እሺ። ከተማው ላይ ማን አለ?» አለ። እሁድ ስለሆነ ማንም የለም ልለው ብዬ፣ እንደማይጠቅመኝ ሲገባኝ ሻዩን አስጠጋሁለት።

ሦስት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው እሱ ራሱ አብሮን ይሄዳል፤ እዚያው መርከቡ ላይ ክትፎ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁለተኛው አንቺ ትቀሪያለሽ። ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ፤ እሱም እንዳላመነበት አወቅኩ። ዋፋን ካየሻት ስንት ጊዜሽ ነው? በአንቺ ፈንታ እኔ ብቀር ይሻላል አልኩት። ይህን የምልሽ እንድታመሰግኚኝ አይደለም፤ ከልቤ ስለሆነ ነው። እሱም አተኩሮ አየኝ። ሦስተኛውስ ብዬ ስጠይቀው ሻዩን ጨርሶ ተነሳ። በሩ ላይ ቆሞ «ሦስተኛውን እኔ አልናገርም። እናንተን በመሸምገል ያለቀው ጉልበቴ ገና አልተመለሰም» አለና ሄደ።

ያን ቀን ሱቅ ከፍቼ መሸጥ አቃተኝ፤ ለአንዷ ደንበኛ ፔርሙዝ ስትለኝ ወንፊት ሰጠኋት። በማግሥቱ አንዋር መስጊድ ጎን ለልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት ሸኽ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ስለ ሶላት ልጠይቅ ነው። ወንዙ ይጠማዘዛል፤ ወደ መካ፣ ወደ ቂብላው ዞሬ ሶላት ስጀምር መርከቡ ቢዞርብኝ ምን ላድርግ አልኳቸው። የምትችለውን ያህል አብረህ ዙር፣ ካልቻልክ አላህ ከአቅም በላይ አይጠይቅም ብለው መለሱልኝ። ልነሳ ስል «ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የኮሪደሩን ጫፍና ጫፍም፣ የጀዋርንም፣ ለምጄዋለሁ ያልሽውንም። ጢማቸውን እየዳበሱ «ይሄኛው ከቂብላው ይቀላል» አሉ።

እንዴት እንደሚቀልም ነገሩኝ። ጀዋር ይኖራል፤ ሌሎች ሁለት ምስክሮች ይኖራሉ፤ አንዱ ሁዛይፋ ቢሆን ቅር አይልሽም ብዬ ገምቻለሁ፣ ስለ ጫማ ካልመሰከረ። የቀረው ያንቺ እሺታ ነው። እኔ ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ዋፋ ማታ ደውላ፣ ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን የሥራ ባልደረባዋ ለራሷ እናት እንደፈለገችው ነገረችኝ። «ልልቀቀው ወይስ ልያዘው?» አለችኝ። እናትሽን ልጠይቃት አልኳት። ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ። ምን ሆንሽ ብላት ጉንፋን ነው አለች።

እሁዱን እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ ያልወደድሽውን ሰርዢው። ጠዋት አሮጌውን ከተማ ቀስ ብለን እንዞራለን፤ ክቦቹ ባሉበት ሁሉ እናርፋለን። ምሳ ከመርከቡ እንይዛለን። ከሰዓት በአውቶቡስ ምሽጉ ላይ አብረን እንወጣለን፤ ታች የሚቀር የለም። ማታ ግን ከሁሉ ወደወደድኩት ቦታ እወስድሻለሁ። ከተማው ጫፍ ላይ ሦስት ወንዞች ይገናኛሉ፤ አንዱ ጠቆር ይላል፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል፣ ሦስተኛው ደፍረስ ያለ ነው። ከተገናኙም በኋላ ረጅም መንገድ ቀለማቸው ሳይደባለቅ ጎን ለጎን ይሄዳሉ ይላሉ፤ ውሎ አድሮ ግን አንድ ወንዝ ይሆናሉ። እዚያ አግዳሚ ወንበር አለ። በፎቶ እንዳየሁት ለሁለት ሰው ይበቃል። ጀዋር ከመጣ ይቆማል።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ገበያሽን ያድራልሽ፣ ልጃችንን በውሃ ላይ ይጠብቅልን፤ ለእናትሽ ዕድሜ፣ ለወንድምሽ ትዕግሥት ይስጥልን፤ የፓሳው እሁድ ላይ በደህና ያገናኘን።

ለጊዜው የልጅሽ አባት ብቻ የሆነው