ከማሽላ ማሳዬ ላይ ተለቅሞ የተወሰደው የወፍ ማስፈራሪያ እንዲመለስልኝ

ለሐብሩ ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
መርሳ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.
አመልካች፦ ወ/ሮ ዘይነባ አብዱሰመድ፣ የግራና አካባቢ ገበሬ

ጉዳዩ፦ ለአካባቢ ጥበቃ ሲባል የደረሰብኝን ጉዳት ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ቀርቤ በቃሌ ማስረዳት ይገባኝ ነበር። ሆኖም ሁለት ሳምንት ሙሉ ወፍ ላይ ስጮህ ከርሜ ድምፄ ተዘግቷል። ቢሮዎ ገብቼ ጆሮዎ ሥር ባንሾካሹክ፣ የሚያየን ሰው ሌላ ነገር እንዳይጠረጥር ሰግቼ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማርኩ የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ስሕተት ቢገኝ የእኔው ነው።

1. እኔና ባለቤቴ አቶ ሂሻም ከግራና ወጣ ብላ ባለች ማሳችን ማሽላ ዘርተን፣ ዳር ዳሩን ማንጎና ብርቱካን ይዘን የምንኖር ነን። ማሽላ እሸት ሲይዝ ወፍ ይወርድበታል። በየዓመቱ ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቀው ባለቤቴ ነበር። ባለፈው ነሐሴ ግን ከዚያው ማማ ወድቆ እግሩ ተሰበረና በጀሶ ታስሮ ተኛ። እኔም ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። ማሳውን በገመድ ከብቤ ፌስታል፣ ባዶ ጣሳና የካሴት ክር አንጠለጠልኩበት። የካሴት ክር ነፋስ ሲነካው ያፏጫል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፤ ወፍ ይፈራዋል። መሃል ላይም የዝናብ ልብስ የለበሰ የእንጨት ሰው አቆምኩ።

ካሴቶቹ ባለቤቴ ከጉብዝናው ጀምሮ ያጠራቀማቸው የአምባሰልና የትዝታ ካሴቶች ነበሩ። ቴፑ ከተበላሸ ስድስት ዓመት እንዳለፈው ባስረዳውም፣ ክሩን መዝዤ በማውጣቴ ሦስት ቀን አኩርፎኛል። ይህ የቤታችን ጉዳይ ቢሆንም ለሚቀጥለው ነገር ስለሚያስፈልግ ጠቅሼዋለሁ።

2. መስከረም 27 ቀን፣ እሑድ ዕለት፣ «ዱካ አልባ የቀን ተጓዦች» የተባለ የወልድያ ማኅበር አባላት ሠላሳ አንድ ሆነው ወደ እኛ መጡ። የጉዞ ዕቅዳቸውን በኋላ አግኝቼ አንብቤዋለሁ፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። ከወልድያ እስከ መርሳ የግል መኪና ሳያስነሱ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ከመርሳ ወዲህ በእግር። ውሃ በየራሳቸው ኮዳ፣ ምሳ ደግሞ ከገበሬው የተገዛ ፍራፍሬ። ሲመለሱም መንገድ ላይ ያገኙትን ፕላስቲክ ሁሉ ለቅመው መውሰድ። ከዚህ ውስጥ የምነቅፈው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ማሳዬን መንገድ ብለው ቆጥረውታልና።

3. በዕለቱ እኔ እኅቴ ወልዳ ልጠይቃት ውርጌሳ ሄጄ ነበር። ቤት የቀረው፣ ማንጎው ሥር የተኛው ባለቤቴ ነው። የሆነውን ያወቅሁት ከእሱ አፍ ሲሆን፣ እሱም በአንድ ጊዜ አልነገረኝም። የተጓዦቹ መሪ ወ/ሪት ማርታ የምትባል የወልድያ መምህርት ናት። ሰላምታ ከሰጠችው በኋላ፣ «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ፕላስቲክ ማን ነው ማሳዎ ላይ የጣለብዎት?» ብላ ጠየቀችው። ባለቤቴም «ሚስቴ ናት» ብሎ መለሰ።

ልጅቱ አዘነችለት። «አይዞዎት፣ እኛ እናነሳልዎታለን» አለችው።

«አላህ ይስጣችሁ፤ ክሩን ብቻ እንዳይበጠስ ቀስ ብላችሁ ጠቅልሉት» አላት።

ለምን እንዳልከለከላቸው ስጠይቀው «ካሴቱን የሚጠግኑት መስሎኝ» ብሎኛል።

4. አመሻሹ ላይ ከውርጌሳ ስመለስ ተጓዦቹን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እያንዳንዳቸው ማዳበሪያ ተሸክመው፣ ላብ በላብ ሆነው እየሳቁ ይወርዳሉ። የከተማ ልጆች ቆሻሻችንን ሊያጸዱልን መምጣታቸውን ሲነግሩኝ ደስ አለኝ፤ መረቅኋቸው። አንዲቱ ልጅ ማዳበሪያዋን መሬት አሳርፋ መልሳ ማንሳት ስላቃታት፣ በገዛ እጄ አንስቼ አሸከምኳት። ውስጡ ጣሳ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። የራሴ ጣሳ መሆኑን ግን አላወቅሁም።

5. ቤት ስደርስ ማሳው ጭጭ ብሏል። ፌስታሉ የለም፣ ክሩ የለም፣ አሥራ አንዱም ጣሳ የለም። ዶሮዎቼ ውሃ የሚጠጡበትን ግማሽ ጀሪካን ሳይቀር ወስደውታል። የእንጨቱን ሰው የዝናብ ልብስ ገፈው፣ እንጨቱን ግን የተፈጥሮ ነው ብለው ትተውታል። ራቁቱን እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

ሰኞ ማለዳ ወፉ መጣ። እኔና ጎረቤቴ አልታየች በየማሳው ጫፍ ቆመን ከንጋት እስከ መግሪብ ጮኽን። በእኔ በኩል ስናባርረው በእሷ በኩል ይወርዳል። የእንጨቱ ሰው ላይም ያርፍና ትንፋሽ ይሰበስብበታል። በሳምንቱ የምሥራቁ ጠርዝ አገዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ክቡር ኃላፊ፣ ቤት ውስጥ የቀረን እህል ጥቂት ነው። ባለቤቴም ለከርሞ መቆሙን ሐኪም አላረጋገጠልንም። ስለዚህ የምንስቅበት ነገር እንዳይመስልዎ፤ ማሽላው ከሄደ ክረምቱን የምናልፍበት የለንም።

6. ጥቅምት 6 ቀን ንብረቴን ፍለጋ ወልድያ ሄድኩ። ማኅበሩ በሚሰበሰብበት አዳራሽ ስገባ ማስፈራሪያዬ በሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከላዩ «ከገጠር የተሰበሰበ ብክለት» የሚል ተጽፏል። የባለቤቴ የዝናብ ልብስ ለብቻው መስቀያ ተሰጥቶታል። ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። ላወርደው ስል ዘበኛው «እማማ፣ ኤግዚቢሽን አይነካም» አለኝ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ደሳለኝ ተጠርተው መጡ። በቀረችኝ ድምፅ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ከተመዘገበ ወዲያ የማኅበሩ ንብረት ነው፤ የሚመለሰው በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ነው፤ ጉባኤው ኅዳር ሃያ ነው» አሉኝ። «ወፉስ እስከ ኅዳር ሃያ ይጠብቀኛል ወይ?» ብላቸው፣ «ጥያቄዎን በአጀንዳ እናስይዘዋለን» አሉ።

7. እዚያው የነበረችው ወ/ሪት ማርታ ይህን ስትሰማ የአዳራሹ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እማማ፣ እኔ እኮ የረዳኋችሁ መስሎኝ ነው» ስትል አንጀቴን በላችው። ተቆጥቼ ሄጄ እኔው አባባይ ሆንኩ። ዓርብ ዕለት ያለ ጉባኤ ውሳኔ ክሩንና ጣሳውን ከግድግዳው አውርዳ በማዳበሪያ ሞላች። በማግሥቱ እንደ መጀመሪያው በአውቶቡስ እስከ መርሳ፣ ከዚያ በእግሯ ተሸክማ አመጣችልኝ። ፌስታሉና የዝናብ ልብሱ ግን ማዳበሪያው ስለሞላ እዚያው ቀሩ። በዚህ ምክንያት ማኅበሩ በዚያው ዓርብ «የኤግዚቢሽን ንብረት በማጉደል» ከአባልነት አግዷታል። የእግዱን ደብዳቤ አሳይታኛለች፤ ማኅተም አለው።

8. ስለዚህ የተከበረው ጽሕፈት ቤት፦

ሀ) የቀረው ማስፈራሪያዬ ኅዳር ሃያ ሳይጠበቅ እንዲመለስልኝ ለማኅበሩ እንዲጽፍልኝ፤

ለ) ወደ ወረዳችን የሚመጡ የቀን ተጓዦች አንድ ነገር ከማንሳታቸው በፊት ባለቤቱን እንዲጠይቁ፣ ባለቤት ሲባልም ባሌ ብቻ እንዳልሆነ በዕቅዳቸው ላይ በግልጽ እንዲያሰፍሩ፤

ሐ) ማኅበሩ እስከ አጨዳ ድረስ በየእሑዱ አሥር አሥር ሰው እያደረገ ወፍ ጥበቃ እንዲልክልኝ። አውቶቡሱም፣ የእግር መንገዱም፣ ፍራፍሬውም ያው ነው፤ ጭስ የለውም፣ ቆሻሻ የለውም። ምሳ ንፍሮ እኔ እችላለሁ፤

መ) ከሁሉም በላይ፣ የወ/ሪት ማርታ እግድ እንዲነሳላት እንዲያሳስብልኝ እጠይቃለሁ። ሰው ተሳስቶ የወሰደውን ተሸክሞ ሲመልስ መቀጣት የለበትም።

ልጅቱ ከትናንት ጀምሮ ማማው ላይ ናት። መቶ ተማሪ ስታስተምር የሠለጠነ ድምፅ ስላላት አንድም ወፍ አልወረደም፤ ዛሬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጭ ብዬ ይህን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ። አልታየች ዛሬ ጠዋት ወንጭፍ አስተምራታለች። ርቀቱን ችላዋለች፤ አቅጣጫውን ግን ገና ነው። የጽሕፈት ቤትዎን መልስ ይዞ የሚመጣው መልእክተኛ በታችኛው በር በኩል፣ ከሩቅ እየተጣራና ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ እያሳየ እንዲገባ ይነገርልኝ።

ከአክብሮትና ከመልካም ዱዓ ጋር ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

(ፊርማ)
ዘይነባ አብዱሰመድ

ግልባጭ፦
ለዱካ አልባ የቀን ተጓዦች ማኅበር፣ ወልድያ