ጋሼ ሙሀመድኑር ከሚሴ የመጡ ዕለት

ለውድ አብሮ አደግ ጓደኛዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አካም ጅርታ? ልጆቹስ፣ አባታቸውስ ደህና ናቸው? የአሶሳን ሙቀት ለመድሽው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽን ባለፈው ጁምዓ አይቻቸዋለሁ፤ ጉልበታቸው ትንሽ ቢያስቸግራቸውም ደህና ናቸው። ስለዚያ ቀን በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ደውዬ፣ ሁለቴም ሌላ ሌላውን አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ልጻፈው።

እንደሰማሽው ደራሲያችን ጋሼ ሙሀመድኑር፣ ሸፈፍ የሚባለውን ጅን አምስት መጽሐፍ ሙሉ ለመታወቂያ ከቢሮ ቢሮ ያንከራተቱት፣ ከደሴ ድረስ መጡልን። የለመንኳቸው እኔ ነኝ፤ ማለቴ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዙቤይዳን። ስልኩን ሁልጊዜ የሚያነሱት እሳቸው ነበሩ። ሦስት ጊዜ "አይመቸውም" ብለውኝ በአራተኛው እሺ አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆመ። ከባቲም ከጨፋ ሮቢትም የመጡ ነበሩ። የሰንበቴ ከተማው የከብት ሐኪም በድሩ ጫማውን ቀኝና ግራ አቀያይሮ ነው የመጣው፤ ሸፈፍ እንደዚያ ያደርግ የለ! ከሸፈፍ ወዳጆች አንዷ ሙና ደግሞ ሸፈፍ ቀበሌ ሄዶ "ፎቶ አምጣ" ሲባል፣ ፎቶ ቤት ተነስቶ ባዶ ወንበር ብቻ የወጣበትን ገጽ በቃሏ አነበነበችው። አባቴ እንኳ፣ የጅን መጽሐፍ ቤቴ አይገባም ሲል የነበረው፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ጋሼ ከመጀመሪያው መጽሐፍ አንድ ገጽ አነበቡልን። ሳቅን። ቀና ብለው አዩንና ያንኑ ገጽ መልሰው ከላይ ጀመሩት። ቀልድ መስሎን አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩማ በድሩ እንባውን እየጠረገ ነበር። ከዚያ መጽሐፉን ከድነው፣ ሽፋኑን እያገላበጡ፣ "ይህን የጻፈው ማነው? ጨዋታ ያውቃል" አሉ። እኔም ሳቅኩ። አላህ ይማረኝ፣ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ዙቤይዳን ዘወር ብዬ ሳያቸው ግን አይስቁም። ያኔ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ተነስቼ ማይኩን ልቀበላቸው ስል ቀሚሴን ያዝ አድርገው፣ "ተይው የኔ ልጅ፤ ሳቃችሁን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደበራ አታይም? ቤት ውስጥ እኮ ዝም ነው" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ባስቆማቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላሳፍራቸው ነው። ዝም ብል ደግሞ ሰው ሳያውቅ ይስቅባቸዋል።

ያንቺን ጥያቄም አደራ ነውና ጠየቅኩልሽ፤ ሸፈፍ በመጨረሻ መታወቂያውን ያገኛል ወይ? ብዬ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። "ሸፈፍ የማን ልጅ ነው?" አሉ። ጭብጨባው አልቆም አለ።

ሲወጡ ክንዳቸውን ይዤ እስከ መኪናው ሸኘኋቸው። ሰዉ መጽሐፉን ይዞ በር ላይ ተሰልፏል። "እነዚህ ሁሉ ማንን ነው የሚጠብቁት?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ጋሼ ሙሀመድኑርን" አልኳቸው።

"ሲመጣ እኔንም ጥሪኝ" አሉ።

እሺ አልኩ።

አሁን የአንባቢዎች የቴሌግራም ቡድናችን የሚያወራው ስለ ስድስተኛው መጽሐፍ ብቻ ነው። በድሩ በየቀኑ፣ "ስልካቸው ያለው አንቺ ጋ ነው፤ መቼ እንደሚወጣ ጠይቂልን እንጂ" ይለኛል። "ኢንሻአላህ" ብዬ አልፈዋለሁ። ወይዘሮ ዙቤይዳን ግን ያን ዕለት፣ መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ጠይቄያቸው ነበር። ጋሼ ትከሻቸው ላይ ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

"እንጃ የኔ ልጅ" አሉኝ፤ "አምስተኛውን ጽፌ ስጨርስ ራሱ ደክሞኝ ነበር።"

ለማንም አልተነፈስኩም። አንቺ ግን አምስተኛው ከሁሉም ይበልጣል ስትይ እሰማሽ ስለነበር ላንቺ ጻፍኩልሽ።

ዱዓ ስታደርጊ ሁለቱንም አትርሻቸው። አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ለቤትሽ ሰላሙን፣ ላንቺም ዓፊያውን ይስጥሽ፤ ለዓይን ያብቃን።

አብሮ አደግሽ
ከከሚሴ