«እናትህን ትንሽ አሟቸዋል» ለሚል ደብዳቤ በር ስለ መዘጋቱ

ለተከበሩ የሰርቨር አከራይ ድርጅት የአይፈለጌ መልእክት መከላከያ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና ባልደረቦችዎ እንደምን ከርማችኋል? ጤናዎ እንደ ሰርቨሮችዎ አንድም ቀን የማይጓደል፣ ቤተሰብዎም በተፈለገ ሰዓት የሚገኝ እንዲሆን ከፍኖተ ሰላም እመኛለሁ። እኛ ከቀበርናቸው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

አምለሰት እባላለሁ፤ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፤ ሰርቨር ማቆምንም እንዲሁ በማንበብ ተማርኩት። ከእናንተ የተከራየነው ለአንድ ጉዳይ ነበር። ሌቦች በሩቅ ላሉ ልጆቻችን «እናትህ ታማለች፣ ብር ላክ» እያሉ መጻፍ ስለ ጀመሩ፣ ከእድሩ የራሱ የኢሜይል አድራሻ ካልመጣ በቀር የማንንም ደብዳቤ እንዳያምኑ ከልጆቹ ጋር ተስማማን።

አንደኛ፣ ደብዳቤ የሚወጣበትን በር፣ ማለትም ፖርት ሃያ አምስትን፣ ለአዲስ ደንበኛ ዘግታችሁ ስለምትጠብቁ አመሰግናለሁ። የኢሜይሉ ፕሮግራም ተጭኖ፣ የአድራሻው ስም ከሰርቨሩ ጋር ተመሳክሮ፣ ሁሉም ያለቀ ሲመስለኝ ደብዳቤው ወረፋ ላይ ተቀምጦ አልወጣ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ደጋግሜ አፍርሼ ሠራሁት፤ ጥፋትን ወደ ራሴ መውሰድ ለእኔ አዲስ አይደለም። በሩ የተዘጋው በእናንተ በኩል መሆኑን የሚናገረውን ጽሑፍ ያገኘሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ሁለተኛ፣ በሩ እንዲከፈት ስለምናችሁ፣ የምንልከውን ደብዳቤ ናሙና ስለ ጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። በዚያው ሰሞን እማዋይሽ የሚባሉ የእድራችን አባል በጠና ታመው ነበር። አንድ ልጃቸው አለበል የጭነት መርከብ መካኒክ ነው፤ ስልኩ በየወደቡ ይለዋወጣል፣ ኢሜይሉ ግን አይለወጥም። መርከቡ ጂቡቲ ቆሞ ስለ ነበር፣ ቢነገረው ወርዶ እናቱን በሕይወት ሳሉ ያገኛቸው ነበር። ስለዚህ ለእሱ ያዘጋጀሁትን ደብዳቤ ናሙና አድርጌ ላክሁላችሁ፦ «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል። ለክፉ የሚሰጥ አይደለም። ሳትውል ሳታድር ና።»

መልሳችሁ ፈጥኖ መጣ። ሕመሙ ትንሽ ከሆነ ጥድፊያው ለምን እንደሆነ አልተገለጸም፣ የበሽታው ስም የለም፣ እንዲህ ያለው ጽሑፍ የአታላዮች ነውና ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ልክ ናችሁ፣ ክቡር ሆይ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ የሚላከው እንዲህ ተሸፋፍኖ ነው፤ ተቀባዩም «ትንሽ» የምትለዋን ሲያይ ወዲያው ጫማውን ያጠልቃል። በድንገት የተነገረ ክፉ ወሬ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ከዚህ በላይ በአደባባይ አልጽፍም።

ቸግሮኝ ከራሴ አድራሻም ላክሁለት። አለበል የተስማማነውን አክብሮ ሳያምነኝ ቀረ።

እማዋይሽ በየጠዋቱ ልጄ ምን አለ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። በሰው አገር ያለ በር ተዘግቶብኛል ብዬ እንዴት ላስረዳቸው? እየመጣ ነው አልኳቸው። አንድ ቀን እጄን ያዙና «አምለሰት፣ ለእኔም ሸፋፍነሽ ነው የምትነግሪኝ?» አሉኝ። መርከቡ ወደቡን ለቀቀ፤ እርሳቸውም ሳምንቱን ሳይጨርሱ አረፉ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉ ይበልጣል። ከቀብር መልስ ሌላ ናሙና ጻፍኩላችሁ፦ «እናትህ ሞተዋል። ተቀብረዋል።» ግልጽና የማያሻማ ነው ብላችሁ በዚያው ቀን በሩን ከፈታችሁ። ከእድራችን አድራሻ የወጣው የመጀመሪያው ደብዳቤ ይኸው ነው። ያለ አንዳች እንከን ደረሰ። አለበልም አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ቀና የሚያደርገው የአገሩ ሰው በሌለበት፣ በባሕር መካከል ብቻውን አነበበው።

ወደ እርስዎ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ሳይጠረጠር እንዲገባ፣ ክፉ ቀን ቢመጣም ቀስ ብሎ የሚነግርዎ ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ለጥንቃቄዎ ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ማንነቷ ተጣርቶ የታመነችው ደንበኛዎ፣
አምለሰት
ፍኖተ ሰላም

ማስታወሻ፦ በሩ በተከፈተ ማግስት «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል መጠይቅ ልካችሁልኛል። መልሱን መስጠት ያለብኝ እኔ ስላልመሰለኝ ለአለበል አስተላልፌዋለሁ።