በካሎው ውስጥ ያለፈው መኪና

ማክሰኞ

እሺ አሉ። ኦቦ ገመቹ ዛሬ እሺ አሉ! ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ በሦስተኛው። ልጆቻቸው ሳይክሌን ከሩቅ ሲያዩ «ያቺ ልጅ መጣች» ማለት ጀምረዋል።

ያሉኝን ሳልረሳው ልጻፈው። «ሳይክል ሣር አይበላም፣ ይለፍ። ከብት አይገባም፣ ፈረስ አይገባም፣ ሞተር ያለው ነገር አይገባም። ቃል ስጪኝ።» ሰጠሁ። እጄን ይዘው በኦሮምኛ አስደገሙኝ። አራት ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር።

ያለ ካሎው መስመራችን መስመር አይሆንም። ከክረምት ጀምሮ ታጥሮ የሚጠበቅ ሣር ነው፣ የዘጠኝ ቤት ከብት የበጋ ቀለብ። በመሀሉ አንዲት ቀጭን የእግር መንገድ አለች። በሷ ካለፍን ከዲክሲስ ወደ ሮቤ እስክንጠጋ ኮረኮንችና የገብስ ማሳ ብቻ ነው፤ አንድ መኪና አይገጥመንም። ካላለፍን ግን ዋናው መንገድ ላይ ወጥተን የጭነት መኪና አቧራ መዋጥ ነው። እንግዶቹ ደግሞ ለአቧራ አይደለም የሚመጡት። አምስት ሆላንዶች ናቸው። አገራቸው በየጫካውና በየተከለለው ሜዳ በጠጠር መንገድ ነው የሚነዱት፣ ጸጥ ባለበት። ሳምራዊትን (የአዲስ አበባዋን አስጎብኚ) እንደዚያ ያለ ፈልጊልን አሏት፤ እሷ ደግሞ እኛን አገኘች።

እኛ ማለት እኔና ሙራድ። የሰፈራችን ልጅ ነው፣ አብረን ተመረቅን፣ አብረን ሥራ ፈታን። እኔ በሳይክል እመራለሁ፣ እሱ ምሳና ሻንጣ ይዞ ከነሹፌሩ በተከራየናት መኪና ይዞራል። ይሄ ጉዞ ካማረ የበጋውን ሥራ በሙሉ ለኛ እንደምትሰጠን ሳምራዊት ነግራናለች።

አንድ ዓመት ሙሉ አባዬ ሱቅ ውስጥ የጋሪ ጎማ ሸጫለሁ። አላህ ያውቃል ይበቃኛል።

ረቡዕ

የቀረኝ፦
– የኋላ ፍሬን ጎሚስታው ጋ (ያላቅቀዋል እንጂ አያጠብቀውም፣ ቆሜ ላሠራው)
– ካቴና ዘይት
– ዝናብ ከመጣ? ጥቅምት ነው፣ አይመጣም ይላሉ። ማታ ማታ ግን ደመና አለ
– እማዬን ማሳመን

እማዬ በሱሪ አምስት ፈረንጅ አስከትለሽ ልትሄጂ ነው ወይ አለችኝ። ሦስቱ ሴቶች ናቸው አልኳት። «እነሱም በሱሪ ናቸዋ» ብላ ሳቀች። ሳቀች ማለት ፈቀደች ማለት ነው።

ሙራድ ጠዋት ከሹፌሩ ጋር ወደ ዲክሲስ ሄደ፣ ማደሪያ ላረጋግጥ ብሎ። አብሬህ ልሂድ ስለው አይሆንም አለ፣ አንቺ እረፊ፣ እግርሽ ነው የሚሠራው አለኝ። እንዲህ የሚያስብልኝ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ዓርብ

ከየት ልጀምር። ትናንት ምንም አልጻፍኩም፣ እንግዶቹ ገቡ፣ እራት፣ ካርታ፣ እንቅልፍ የለም።

ዛሬ በረርን! ሳይክሎቻቸው ጎማ ሰፋ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ በአንድ ጣት የሚነሳ። የኔ ማርሽ ከሦስቱ በቀር አይገባም። ዳገቱ ላይ ግን ጥያቸው ወጣሁ። አገራቸው ዳገት የለም አሉ። አንደኛዋ፣ ሃኔ የምትባለው በዕድሜ ትልቋ፣ አናቱ ላይ ስትደርስ መሬት ላይ ተዘርግታ ተኛችና ሰማይ ሰማይ እያየች ሳቀች። ገብሱ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ይወዛወዛል። የጎማችን ጠጠር መፍጨት ካልሆነ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ካሎው ጋ ወረድን። የበሩን ሁለት አግዳሚ እንጨት አነሳሁ፣ አሳለፍኳቸው፣ መልሼ ዘጋሁ። ምንድነው ብለው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሃኔ እኛም ጋ እንዲሁ ነው አለች፤ መኪና የማይገባበት፣ በሩን የከፈተ መልሶ የሚዘጋበት ሜዳ አለን አለች። ኦቦ ገመቹ ቢሰሟት ደስ ይላቸው ነበር። አንድ በአንድ፣ በቀጭኗ መንገድ፣ ሣሩ እስከ ፔዳል። አፋችንን ዘግተን ነበር የነዳነው።

ማዶ ወጥተን ሙራድን ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንጠብቃለን ብዬ ነበር። ገና ግማሽ ሰዓት ሳንቀመጥ መኪናው ከኋላችን ከች። ምሳው ትኩስ ነበር። ሁሉም አጨበጨቡለት። እኔም። ጎማው ጭቃ በጭቃ ነበር፣ አየሁት፣ ምንም አላልኩም። እንዴት ደረስክ ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም። ጎበዝ ነው ብዬ ብቻ አለፍኩ።

ሳምራዊት ደውላ ነበር። እንግዶቹ በጣም ደስ ብሏቸዋል አለች።

ቅዳሜ

እንግዶቹን በመኪናው ከሮቤ ሸኝተን እኛ በሚኒባስ ወደ አሰላ ስንመለስ፣ መንገድ ላይ የኦቦ ገመቹ ልጅ ደወለ። ሰላምታ አልነበረውም። መኪና አጥራችንን ነቅሎ ገብቷል አለ። በሩ ስለጠበበው ጎኑን ነቅለው ነው ያስገቡት። ረግረጉ ላይ ተይዞ፣ ለማውጣት ሣሩን አጭደው ጎማ ሥር ጎዝጉዘዋል። ሲሄዱ አጥሩን አልመለሱትም። የአካባቢው ከብት ሁሉ ገብቶ አደረ።

ሙራድ ጎኔ ተቀምጦ በመስኮት ያያል። ስልኩን ዘጋሁና አየሁት።

«ዝናብ ይመጣል ብዬ ነው» አለ። «ዋናው መንገድ ዙሪያ ነው ነኢማ። ምሳ ቢዘገይ ኖሮ ሳምራዊት ምን ትለን ነበር?»

ቃሌንስ አልኩት። በቃ፣ ነገ ሄደን ይቅርታ እንላለን አለ። አጥር ነው፣ ይታጠራል አለ።

አሰላ እስክንገባ ሌላው ሰው ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ስንዴ ዋጋ ያወራ ነበር።

እሑድ

ከኦቦ ገመቹ ቤት በታች፣ ከዛፉ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ አምስት ሆነው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። አለመቆጣታቸው ይብሳል።

ማን ነዳ ብለው አልጠየቁም። ማን አዘዘ አላሉም። ኦቦ ገመቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፣ ቃል የሰጠን ማን ነው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ሙራድን ጠበቅኩ። አሁን ይናገራል፣ አሁን እኔ ነኝ ያስገባሁት ይላል ብዬ ጠበቅኩ። መሬት መሬት ሲያይ ቆየና፣

«መንገዱን የመረጠችው እሷ ናት» አለ።

ያቺን ብቻ። ውሸት አይደለችም እኮ። እኔ ነኝ የመረጥኩት።

ስንት ፈተና አብረን አጥንተናል። አባቱ ሲታመሙ ማስታወሻዬን በሙሉ እጄ እስኪዝል ገልብጬለታለሁ።

ካሳ እንከፍላለን ብዬ ጀመርኩ። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን አነሱ። «ብር ከተቀበልን መንገዱን ሸጥነው ማለት ነው። ሣሩ የዘጠኝ ቤት ነው። ዘጠኙም ቤት ደጅ ቆመሽ የሆነውን በአፍሽ ንገሪ። ከዚያ እናያለን።» በሙራድ ምንም አልፈረዱበትም። እንደሌለ ሰው አለፉት። ሲነሳ ቀለል ብሎት ነበር፣ ከትከሻው አየሁት።

ሰኞ

ብቻዬን ሄድኩ። ሳይክሌን ሚኒባስ ጣራ ላይ ጭኜ እስከ ዲክሲስ፣ ከዚያ በእግሬ ኃይል።

አጨዳ ነው፣ ሰው ቤቱ የለም። አንዱን ማሳ ድረስ፣ አንዱን ወፍጮ ቤት ደጅ ድረስ እየሄድኩ «ቤትዎ ደጅ ላይ ነው መናገር ያለብኝ፣ መቼ ይመለሳሉ?» እያልኩ። አንደኛው ቤት አንድ ሽማግሌ፣ ኦቦ ቱሉ፣ ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግቢ አላሉኝም። ሁለተኛው ቤት ሴትየዋ ገብስ ማበጠሯን ቀጠለች። ሦስተኛው ቤት ሰውየው «ሰማን፣ ሰማን» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አራተኛውና አምስተኛው ወንድማማቾች ናቸው፣ እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። ያቺ ፈገግታ አልገባችኝም። ሳላውቅ ሆኖብኝ ነው እያልኩ፣ ሹፌሩ መንገዱን ስቶ ይሆናል እያልኩ ነበር የምናገረው። አዎ፣ እንዲህም ሆኖ የሙራድን ስም አላነሳሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አፍሬ ይመስለኛል፣ በሱ አፍሬ።

ስድስተኛው ቤት አዴ ሹኔ ናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አራት ላም ያላቸው። ተናግሬ እስክጨርስ ታገሡኝ። ከዚያ፣

«ኢንተለ ኮ፣ ለምን ትዋሺኛለሽ?» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፣ ያውም በቀስታ። «ረቡዕ ልጁን ከመኪናው ጋር የላክሽው አንቺ አይደለሽ? ነኢማ ልካኝ ነው፣ መኪናችን ይለፍ አለን። እዚሁ ደጄ ላይ ነበር። ገመቹም ነበር፣ ሁላችንም ነበርን። አይሆንም አልነው። አይሆንም ስንልሽ በጉልበት ገባሽ፣ አሁን ደግሞ ሳላውቅ ትያለሽ።»

ረቡዕ። ማደሪያ ላረጋግጥ ያለ ቀን።

አላውቅም ነበር አልኳቸው። እንዳላመኑኝ ከፊታቸው አየሁ። እኔም ብሆን አላምንም። አምስት ቤት ደጅ ቆሜ፣ ሁሉም እንደ ውሸታም እያዩኝ ነበር የሰሙኝ። ሽማግሌዎቹም እሑድ ያላነሱት ለዚህ ነው፤ አውቃለሁ ብለው ያሰቡትን ምን ብለው ይንገሩኝ።

ዲክሲስ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ ለሙራድ ደወልኩ። አልካደም። ይሄኔ ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

«ብነግርሽ ትተይዋለሽ» አለ። «አንቺ ከተውሽው ደግሞ መንገዱ የለም። ላንቺ ነው የፈቀዱት እንጂ ለኔማ አይከፍቱም።»

እምቢ ካሉህ በኋላ ለምን ገባህ አልኩት። ለሁለታችን ብዬ ነው አለ። ከዚያ ሳምራዊት ለሚቀጥለው ጉዞ ለሱ እንደደወለች፣ እሱም እኔን እንዳልረሳኝ ነገረኝ። እንዳልረሳኝ! ዘጋሁበት። ሚኒባሱ ሞልቶ እኔ ከውጭ ቆሜ ነበር፣ ረዳቱ «እህቴ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት።

ማክሰኞ

ጠዋት ሳምራዊት ጋ ደወልኩ፣ ሳልፈራ አይደለም። መስመሩ ተዘግቷል አልኳት፣ ለምን እንደተዘጋም ነገርኳት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ጎማው ላይ ያየሁትን ጭቃ ጭምር። ሙራድ አጥር ትንሽ ተነካ ብቻ ነው ያለኝ አለች። ከዚያ ያለዚያ መስመር እንግዶቹን የት ልውሰዳቸው አለች። አላውቅም አልኳት። አስቤ እደውላለሁ አለች። በጋውን ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ በዚህ አረፍተ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

አባዬ ሱቁን እየከፈተ፣ ዛሬም ልትሄጂ ነው አለ። ሦስት ቤት ነው የቀረኝ ብለሽኝ አልነበር አለ። አይደለም አልኩት፣ ዘጠኝ ነው። ትናንት ለስድስቱ የነገርኳቸው ልክ አልነበረም አልኩት። አየኝ። የሳይክሌን ጎማ በእጁ ጫን አድርጎ ሞከረና ንፋስ ሞላልኝ።

ኦቦ ቱሉ ጋ ተመለስኩ፣ አንደኛው ቤት። ደጃቸው ተቀምጠው ማጭድ ይስላሉ። ትናንት የነገርኩዎት ጎዶሎ ነበር አልኳቸው። የሙራድን ስም ጠራሁ። ስጠራው ጥፋቴን ከላዬ የማራግፍ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ፣ ጭቃውን አይቼ ዝም ማለቴን፣ ለምሳው ማጨብጨቤን፣ እሱንም ነገርኳቸው። ማጭዱን መሳል አላቆሙም። እስክጨርስ አንድ ጊዜም ቀና አላሉም።

«ስድስቱም ጋ እንደገና ልትሄጂ ነው?»

«ስድስቱም ጋ። ከዚያ ሦስቱ ጋ።»

«ቢስቁብሽስ?»

«ይሳቁ።»

ማጭዱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩና ከግድግዳው አስደገፉት። ወደ ውስጥ ተጣርተው ውሃ አስመጡልኝ። አመንኩሽ አላሉኝም። ቁጭ ብዬ ጠጣሁ፣ ሙሉውን ኩባያ።

ስምንት ቤት ይቀራል።