ቦቃ ተራ አይደለችም

እሑድ፣ የካቲት 9

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? ብርዱስ ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ተሽሎታል፤ የበረንዳው ቧንቧም ተሠርቶልኛል። እህትህ ፀጉሯን ተቆርጣ ተማሪ መስላለች፤ ፎቶዋን ስትልክልህ እንዳትስቅባት። ይህን ይህንን በስልክም እነግርህ ነበር። የትናንቱን ግን በስልክ ብጀምርልህ "እሺ እማ፣ እሺ እማ" እያልክ ታሳጥርብኛለህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፍ ይሻለኛል አልኩ። ወሬው ስለ በቅሎህ ነው።

ስትሄድ ከጓደኞችህ ጋር የተስማማችሁትን አልረሳሁትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናችን ውስጥ ጠረጴዛ ከብባችሁ በአፍና ቁጥር በተጻፈበት ጠጠር በምትዋጉት በዚያ ጨዋታ፣ አንተ ሆነህ የምትጫወተው ቀስተኛ ሩቅ ተልኮ ሄደ ይባላል፤ በቅሎው ቦቃ ግን ከጓዶቹ ጋር ትቀራለች። እሷ በሕይወት እስካለች ወንበርህ ያንተ ነው፤ ከሞተች ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጠረጴዛው እንደሆነ ተጨማሪ ሰው አይችልም። ጓደኛህ ምላጭ ደግሞ ባንክ ቤት አብሮት የሚሠራ፣ ገብቼ ልጫወት እያለ የሚነዘንዘው ሰው አለው።

ለቦቃ ጠጠር የሚጥልላት ሲጠፋ፣ ምላጭ "ማዘር፣ እርስዎ ይጣሉላት" አለኝ። በልጄ ወንበር ላይ ከኔ ሌላ ማን ይቀመጣል ብዬ ተቀመጥኩ። ሥራው ቀላል ነበር። አንተ ራስህ የጻፍከው ሕግ "ተራ እንስሳ የራሱ ተራ የለውም፤ ጌታው ከተራው ቆርሶ ካላዘዘው፣ ራሱን ከመከላከል በቀር ምንም አያደርግም" ይላል። ጌታዋ አንተ ነህ፤ አንተ ደግሞ የለህም። ስለዚህ ጨዋታውን የሚመራው ሰዓት ጠጋኝ፣ ባለ ሰዓቱ፣ "ቦቃስ?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ "ራሷን ትከላከላለች" እለዋለሁ። ከዚያ ተነስቼ ሻይ እቀዳለሁ። ሰው ሲፋለም፣ ሲዘል፣ እሳት ሲወረውር፣ እኔና ቦቃ ራሳችንን ስንከላከል ክረምቱም አለፈ፣ በጋውም ተጋመሰ።

ሕጉን ምን ያህል አስበህ እንዳወጣኸው የገባኝ ግን እዚያ ከተቀመጥኩ ወዲህ ነው። ባለ ሰዓቱ አንድ ቀን ለምላጭ ሲያስረዳው ሰማሁ። እንስሳው እንዳሻው ከተዋጋ፣ እንስሳ ያለው ሰው በየዙሩ ሁለት ጊዜ ተዋጋ ማለት ነው፤ ሌላው ምን ይበል? ጭራሽ አይዋጋ ከተባለ ደግሞ ዕቃ መጫኛ ሆኖ ቀረ። አንተ መሀሉን አገኘህለት፤ ጌታው ከራሱ ቆርሶ ይስጠው አልክ። በዚያ ላይ ደግሞ "ተራ እንስሳን ጠላት ቀድሞ አይመታውም" የምትል ጨመርክ። ቦቃ እስከ ዛሬ የተረፈችው በእሷ ነው። ይህን ሁሉ የፈረደው የኔ ልጅ ነው፣ ካልሲውን ፈልጎ ማግኘት የማይችለው ልጅ፣ እያልኩ በልቤ ስኮራ ከረምኩ።

ትናንት ገደል ላይ የተንጠለጠለ ድልድይ ደረስን። መሀሉ ላይ ቆዳው ድንጋይ የሆነ አውሬ ገጠመን። ጓደኛህ ነርሷ ከአዳር ሥራ ወጥታ በቅጡ ሳትተኛ ነው የመጣችው፤ የእሷ ባለ ጋሻ እንደ ልማዷ ፊት ሆና ገባችና በአንድ ምት ተዘረረች። ባለ ሰዓቱ፣ ዙሩ ሳያልቅ ከድልድዩ ካልወጣች ሞታለች አለ። ሁሉም ተራውን ጨርሷል። ያቺ ልጅ ያን ባለ ጋሻ ስንት ጊዜ እንደተጫወተቻት አንተ ታውቃለህ። ጠጠሯን መዳፏ ውስጥ ጨበጠች።

"ቦቃስ?" አለ ባለ ሰዓቱ፣ ለወጉ ያህል።

"ትሄድና ታወጣታለች" አልኩት።

ምላጭ መች ይችላል። "ማን አዘዛት ማዘር? በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ!"

ሕጉ የተጻፈበትን ወረቀት ስጡኝ አልኩ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩላቸው። "ልጄ 'እንስሳ' ብሎ አልተወውም፤ 'ተራ እንስሳ' ነው ያለው። ቦቃ ደግሞ ተራ አይደለችም።"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ምላጭማ፣ እሱ ለማሳመር የጻፋት ቃል ናት እያለ ጠረጴዛውን ደበደበ። ባለ ሰዓቱ ግን አልሳቀም። ያንን ሰው እኮ የማደንቀው ለዚህ ነው፤ የሰው ቃል እንደ ሰዓት ዕቃ ነው የሚይዘው። ወረቀቱን ተቀብሎ ደጋግሞ አነበበና እንዲህ አለኝ፦

"እትዬ፣ ቃሉ አለ። ግን ከወሰዱት ሁለቱንም ነው የሚወስዱት። ተራ ካልሆነች የራሷ ተራ አላት፤ ተራ ካልሆነች ግን ጠላትም አይምራትም። አውሬው የሚዞረው ወደ እሷ ነው። ከሞተች የልጅዎ ወንበር ሄደ። ያስቡበት።"

ነርሷ እጄን ያዘችኝ። ይቅር እማማ፣ እኔ ሌላ ሰው እፈጥራለሁ፣ እሱን እንዳናስቀይመው አለችኝ።

ልዋሽህ አልፈልግም፣ አውሬው አልታየኝም። ወንበርህ ነው የታየኝ። አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። ግን ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ራሳችንን የተከላከልነው ማን ሊነካን ኖሮ ነው?

"ትሄዳለች" አልኩ፤ ጠጠሩን ጣልኩ። ቦቃ የባለ ጋሻዋን ጠፍር በጥርሷ ይዛ ለመጎተት ከሚያስፈልጋት ቁጥር አንድ ብቻ ከፍ ብሎ ወጣ። ጎተተቻት! ከዚያ አውሬው ዞረ። ባለ ሰዓቱ ጠጠሩን በእጁ ሳይሸፍን፣ ሁላችን እያየን ጣለ። ቦቃ ወደቀች፣ ተነሳች፣ አንዲት ነጥብ ሕይወት ቀረቻት። ምላጭ ተራው ሲደርስ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን መድኃኒት አውጥቶ ለቦቃ አጠጣት። ምነው ቢሉት፣ ለገመዷ ማስረዘሚያ ነው አለ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትከፋብኝ። የዕለቱን ጨዋታ ሲጨርሱ ባለ ሰዓቱ ፈረደ። ቦቃ የራሷ ተራ ካላት፣ ከእንግዲህ የቀስተኛው ንብረት አይደለችም፤ ወንበሩም እሷን ለሚያጫውት ሰው ነው አለ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። የልጄን ቦታ ልጠብቅ ተቀምጬ ወሰድኩበት ማለት ነው? ሁሉም ያዩኛል። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረግኩት። ደስ አለኝ፤ ምን እላለሁ? ደስ አለኝ። አንተ ስትመጣ ተጠጋግተንም ቢሆን እናስገባሃለን፤ የበቅሎዋን ነገር ግን ከእሷው ጋር ትነጋገራለህ።

ስለ አዲሱ የሥራ ውል እህትህ ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፣ አወጣጥቼ አወጣጥቼ ነው ያስለፈለፍኳት። እማዬ ብቻዋን ናት እያልክ ሳትፈርም አስቀምጠኸዋል አለችኝ። ልጄ፣ መምጣት ካማረህ ና፤ ቤትህ ነው፣ አልጋህም እንደተነጠፈ ነው። ሥራውን ከወደድከው ደግሞ ፈርም። እኔን ብለህ ግን አንዱንም አታድርግ።

ሰው የሚወድህ ቦታ ያድርግህ። የያዝከው ይስመርልህ፣ የወጣህበት ይቅናህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

የምትወድህ እናትህ

ማስታወሻ፦ ከእንግዲህ ስትደውል እሑድ አድርገው። ቅዳሜ ከሰዓት አላነሳም፤ ውጊያ ላይ ነኝ።