ማኅተም ሳያርፍባቸው ስለቀሩ የሞት ምዝገባ ቅጾች

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ አራዳ

ለመልሶ ግንባታ ሲቪል ባለሙያዎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ቀድሞ ወዳገለገልኩበት ወረዳ በማኅተምና በሙሉ ሥልጣን እንድሄድ እንዲፈቀድልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ሸሪፋ ኑሪ፣ የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ነዋሪ ስሆን፣ ለሃያ አራት ዓመታት አራዳ ውስጥ ልደትና ሞት ስመዘግብ የኖርኩ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ በጦርነት የፈረሱ የወረዳ ቢሮዎችን መልሰው የሚያቋቁሙ ባለሙያዎች ሲጠይቅ፣ በፈቃዴ ተመዝግቤ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. በሰሜን በሚገኝ አንድ ወረዳ አገልግያለሁ።

2. ከጉዞው በፊት ስድስት ኪሎ በሚገኝ አዳራሽ ለሁለት ቀን ስለ ሪፖርት አጻጻፍ ሠለጠንን። ስንደርስ የጠበቀን ጣሪያው የተነቀለ ክፍልና የተቃጠለ መዝገብ ነበር። የውሃ ባለሙያው ባልደረባዬ አቶ ከተማ በጣሪያው ፋንታ ሸራ ወጠረልኝና ሥራ ጀመርኩ። አራዳ ውስጥ አንድ ሰው የአንድ ሟች ስም ይዞ ይመጣል፤ እዚያ ግን አንድ ሰው የአራት የአምስት ሟች ስም ይዞ ይሰለፋል።

3. በሰኔ ወር ወ/ሮ ኢየሩስ የተባሉ እናት የባላቸውንና የልጃቸውን ሞት ሊያስመዘግቡ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው መጡ። የልጁን ዕድሜ ብጠይቃቸው፣ “ስንት ልበልዎት እትዬ? ቢኖር ዘንድሮ ሰባት ይሞላው ነበር” አሉኝ። በሥራ ገበታዬ ላይ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አለቀስኩ። የሞት ማስረጃ ካልያዙ የባላቸው መሬት በስማቸው አይዞርም፤ የባላቸው ወንድም ደግሞ መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ተነሥቷል። ቅጹን ሞላሁላቸው። ማኅተም ግን አልነበረንም። ስንነሣ “ይላክላችኋል” ተብለን ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ አልተላከልንም። እንደሚደርስ አምኜ “ሰኞ ይምጡ” አልኳቸው።

4. በዚያው ሳምንት ዓርብ ጊዜያችሁ አብቅቷልና ተመለሱ የሚል ትእዛዝ ደረሰን። የተካን ሰው የለም፤ ከአገሬው ያሠለጠንነውም አልነበረም። ሰኞ ረፋድ ላይ ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ ወ/ሮ ኢየሩስ ደወሉ። “እትዬ፣ ቢሮው ተቆልፏል፤ ልጠብቅዎት?” አሉኝ። አዲስ አበባ መሆኔን ለመናገር አፈርኩ። “ዛሬ አይጠብቁኝ” ብዬ ዘጋሁት። በመስከረም እንደገና ደውለው መሬቱን የባላቸው ወንድም እንደወሰደው፣ እሳቸውም ከቀረቻቸው ልጅ ጋር እህታቸው ቤት እንደተጠጉ ነገሩኝ። ቢቆጡኝ በቀለለኝ ነበር። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ።

5. ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ወዳለው ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ “ፕሮጀክቱ ተጠናቋል” የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። ክቡር ሆይ፣ ማኅተም ያላረፈባቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት ቅጾች አሁንም እዚያ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። የሞቱት ሰዎች በመንግሥት ዘንድ እስከ ዛሬ አልሞቱም፤ ያሉትም ከነሐዘናቸው መብት አልባ ሆነዋል።

ስለዚህ ማኅተምና የሥልጣን ደብዳቤ ተሰጥቶኝ ለአንድ ዓመት እንድመለስ፣ እኔ ስወጣ ቢሮው እንዳይዘጋም ከወረዳው ተወላጆች ሁለት ሰዎች አጠገቤ ሆነው ሥራውን እንዲማሩ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቻለሁ፤ ባይፈቀድልኝም በኅዳር መጀመሪያ እሄዳለሁ። ያኔ ግን ያለ ማኅተም ለወ/ሮ ኢየሩስ የማደርግላቸው ነገር ስለማይኖር፣ አጠገባቸው ለቅሶ እቀመጣለሁ።

ከአክብሮትና ከሐዘንተኛ ሰላምታ ጋር

ሸሪፋ ኑሪ
(ፊርማ)