ብረት ከነካው

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ጾም ስለሆነ የእኛ ሉካንዳዎች ዝግ ናቸው። በማጸዳበት ኮሌጅ የምታስተምረው ዶክተር ለጥርስ ሕክምና ተማሪዎቿ መለማመጃ የበሬ ምላስ ያምጡልኝ ስላለችኝ ቀፊራ ገበያ ሙስሊሙ ሥጋ ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። የአንገት ማተቤን አይቶ «እማማ፣ በሁዳዴ? ቄሱን ልጥራ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከሰዓት የመለማመጃ ክፍሉን ሳጸዳ ዶክተሯ ጠራችኝ። «እትዬ፣ ማሳመን እንዲለማመዱ እስቲ ታማሚ ይሁኑላቸው። ቁስሌ ለምርመራ አይቆረጥም ይበሉ።»

ሳላስበው «ብረት ከነካው ይሰራጫል» አልኩ።

«እትዬ ተዋናይ ናቸው እንዴ!» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

ባለቤቴ ምላሱ ላይ አልድን ያለ ቁስል ሲወጣበት ያልኩት ይህንኑ ነው። ሐኪሙ ትንሽ ቆርጬ ላስመርምር ሲለን እጁን ይዤው ወጣሁ። ከሁለታችን ማንበብ የምችለው እኔ ስለነበርኩ አመነኝ። ለትንሣኤ አልደረሰም።

አንዷ ተማሪ ግን አልሳቀችም። አጠገቤ ተቀምጣ ከበሬው ምላስ የቆረጠችውን አሳየችኝ። «እናቴ፣ የምወስደው ይህችን ብቻ ነው።» የስንዴ ፍሬ ታህላለች።

«እሺ» አልኳት።

«ኧረ ቶሎ እሺ አሉ! ትንሽ ያስቸግሯት እንጂ» አለች ዶክተሯ፤ ከመጀመሪያው አስጀመረችን።

በሁለተኛው ዙር «ብረት ከነካው» ማለቱን ትቼ ለልጅቷ ምላሴን አወጣሁላት።